ዜናውን በራሳችን ጆሮ



በቂርያት ማላኺ፣ በጌዴራና በያቭኔ ለሥራ በየቤቱ ስንገባ ደጋግመን የምናየው ነገር አለ። የዕብራይስጡ ዜና ይነበባል፤ አባትና እናት ዝም ብለው ያዳምጣሉ፤ ከዚያ የ10 ዓመቱ ልጅ «ምን አለ?» ተብሎ ይጠየቃል። ልጁ ግማሹን ይናገራል፣ ግማሹን «ምንም አይደለም» ብሎ ያልፈዋል። በአገር ቤት ወሬ ከሽማግሌ ወደ ልጅ ይወርድ ነበር፤ እዚህ ከልጅ ወደ ሽማግሌ ይወጣል። ነገሩ ቀላል አይደለም። ዛሬ የወላጁ ጆሮ የሆነ ልጅ ነገ የወላጁ አዛዥ ልሁን ማለቱ አይቀርም። በዚህ እትም ስለ ሬዲዮ የምንጽፈውም ለዚሁ ነው።

በዚህ ምድር የመጀመሪያው የመንግሥት ሬዲዮ የተከፈተው በእንግሊዞች አስተዳደር ዘመን፣ በ1936 ነው (ዓመቶቹን በሙሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ማሠራጫው ራማላ ላይ ነበር፤ በእንግሊዝኛ፣ በዓረብኛና በዕብራይስጥ ይናገር ነበር። ሜይ 14 ቀን 1948 ዳቪድ ቤን ጉሪዮን በቴል አቪቭ የመንግሥቱን መመሥረት ሲያውጅ ሕዝቡ የሰማው በሬዲዮ ነው፤ «ቆል ይስራኤል» የሚለው ስምም ከዚያን ዕለት ጀምሮ የጣቢያው ስም ሆነ። «ቆል» ድምፅ ማለት ነው፤ ከእኛ «ቃል» ጋር ሥሩ አንድ ነው። በ1965 በወጣ ሕግ ሬዲዮው ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ወጥቶ በብሮድካስት ባለሥልጣን ሥር ገባ። ባለሥልጣኑ በ2017 ተዘግቶ ሥራው «ካን» ለተባለው ድርጅት ተሰጠ። ካን «እዚህ» ማለት ነው። የቆዩት ሰዎች ግን እስከ ዛሬ ቆል ይስራኤል ነው የሚሉት።

ቂርያት ማላኺ በ1951 የድንኳንና የዛኒጋባ ማዓባራ ሆና ስትጀመር ከእኛ በፊት የመጡትም ዕብራይስጥ አያውቁም ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሬዲዮው በይዲሽ፣ በሩማንኛ፣ በሞሮኮ ዓረብኛ፣ በሌላም ቋንቋ ይናገራቸው ነበር። ስለዚህ በአማርኛ ዜና መስማት አሳፋሪ አይደለም። አንዳንዶች «አማርኛውን ትታችሁ ዕብራይስጥ ብቻ ስሙ» ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ነገሩን በአማርኛ አስቀድሞ የሰማ ሰው ያንኑ ዜና በዕብራይስጥ ሲነበብ ቃላቱን ይለቅማል፤ ያልሰማው ግን ጩኸት ብቻ ነው የሚሰማው።

ለእኛ የሚሆነው ጣቢያ «ካን ሬቃ» ነው። የተመሠረተው በ1991፣ ከሶቪየት ኅብረት ብዙ ሕዝብ ይገባ በነበረበት ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት ሜይ ወር በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን በአንድ ቀን ተኩል ገብተዋል። ሬቃ የሚለው ስም «የዓሊያ መቀበያ ጣቢያ» ከሚሉት የዕብራይስጥ ቃላት የተውጣጣ ነው። አብዛኛው ሰዓት የሩስኛ ነው፤ የአማርኛው ድርሻ ትንሽ መሆኑ ቅር ያሰኘናል። ሰዓቱን ስትጠይቁ ግን ተጠንቀቁ፤ በዕብራይስጥ «ሽሞኔ» (ስምንት) ሲሉ በእኛ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ ዝግጅቱ ያመለጣቸው ብዙ ናቸው።

ሌሎቹን ባጭሩ፦ ካን ቤት የዜና ነው፤ ካን ጊመል የዕብራይስጥ ዘፈን ያሰማል፤ ካን ሞሬሼት ስለ ሃይማኖትና ስለ ወግ ይናገራል፤ በዓረብኛ የሚያሠራጨው «ማካን» ይባላል። በ1950 የተመሠረተው ጋሌይ ጻሃል የጦር ሠራዊቱ ነበር እንጂ የዚህ ድርጅት አልነበረም።

ዜና ለወሬ ያህል ብቻ አይደለም። በጃንዋሪ 2012 በቂርያት ማላኺ ለኢትዮጵያውያን ቤት አንሸጥም፣ አናከራይም የተባለው ጉዳይ ተሰምቶ ሰልፍ ሲወጣ አገሩ ሁሉ ስለ እኛ ሰፈር ይነጋገር ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 15 ከጋዛ የተተኮሰ ሮኬት በከተማዋ አንድ ፎቅ ቤት መትቶ 3 ሰዎች ገደለ። በእንዲህ ያለ ቀን ወደ ሚክላት መግባት፣ መቼ መውጣት፣ ትምህርት ቤት ይከፈታል ወይስ አይከፈትም የሚለውን ውሳኔ ለልጅ መተው አይገባም።

መብራት ሊጠፋ፣ ስልክም ባትሪ ሊጨርስ ስለሚችል በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ ገዝታችሁ ከውኃውና ከመድኃኒቱ ጋር በማማድ ውስጥ አስቀምጡ። ሰንበት ለሚጠብቁ ደግሞ «ጋል ሻኬት»፣ ጸጥ ያለ ሞገድ፣ የሚባል አለ። በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት የተለመደ ነው፤ ሬዲዮው ከሰንበት መግቢያ በፊት ተከፍቶ ይተዋል፣ ዝም ይላል፣ አደጋ ሲመጣ ብቻ ይናገራል። አያቶች ሰንበትን ሳይሽሩ ማስጠንቀቂያውን ይሰማሉ።

ስለ ክፍያም ትጠይቁናላችሁ። የቴሌቪዥን ክፍያ ከ2015 ጀምሮ ቀርቷል። መኪና ያለው ቤተሰብ ግን በዓመታዊው የመኪና ፈቃድ ክፍያ ውስጥ የሬዲዮ ክፍያ ተጨምሮበታል፤ ወረቀቱ ላይ «አግራት ራድዮ» የሚለው እሱ ነው።