ጥንድ ዘፋኞች ከብዙ ዘመን በኋላ በመድረክ ላይ ሲታዩ

አንድ ሰው በወጣትነቱ በሸክላ ሲሰማቸው የኖሩትን ዘፋኞች ከብዙ ዘመን በኋላ በመድረክ ላይ ለማየት በሄደ ጊዜ፥ ሁለት ነገሮች ልቡን ይከፍሉታል። አንደኛው ናፍቆት፥ ሁለተኛው ሥጋት ነው። በሸክላ የተቀረጸው ድምፅ ዕድሜ አይቆጥርም፤ ዘፋኙ ግን ያረጃል። እንግዲህ በአዳራሹ ውስጥ የሚሰማው ያ የሚያውቀው ድምፅ ነውን? ወይስ ጭብጨባው ለትዝታ የሚሰጥ ምጽዋት ብቻ ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ በአሜሪካውያኑ በኤቨርሊ ወንድማማቾች ታሪክ መመርመር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዶን ኤቨርሊ በ1937፥ ታናሽ ወንድሙ ፊል በ1939 ተወለዱ። አባታቸው አይክ ጊታር መቺ ነበርና፥ ልጆቹ ገና በሕፃንነታቸው በአዮዋ ክፍለ ሀገር በራዲዮ ከወላጆቻቸው ጋራ ይዘፍኑ ነበር። በ1957 «ባይ ባይ ላቭ» በተባለው ዘፈን ስማቸው ገነነ። ቢትልስም ሳይመንና ጋርፈንከልም አዘፋፈንን ከእነርሱ ከተማሩት መካከል ናቸው።

የአዘፋፈናቸው ምሥጢር ምንድን ነው? በአገራችን በደጋው ክፍል እንደሚታወቀው፥ ብዙውን ጊዜ አንዱ ያወጣል፥ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ኤቨርሊዎች ግን አንዱን ቃል ሁለቱም በአንድ ጊዜ፥ በሁለት የተለያየ ከፍታ ይዘፍኑታል። ዶን ዜማውን በታችኛው ድምፅ ሲይዝ፥ ፊል አብዛኛውን ጊዜ በድምፅ መሰላል ላይ ሦስተኛ በሆነው ደረጃ ከበላዩ ይሄዳል። ይህ በቁጥር ሲገለጽ፥ ታችኛው ድምፅ በሴኮንድ 200 ጊዜ ቢንቀጠቀጥ ላይኛው 250 ጊዜ ይንቀጠቀጣል ማለት ነው፤ ይኸውም የ4ና የ5 ዝምድና ነው። ዝምድናው በትክክል ሲጠበቅ ድምፆቹ ይዋሐዳሉ፤ ጥቂት ሲዛነፍ ግን ይርገበገባሉ፥ ጆሮም ወዲያው ያውቀዋል።

በሐምሌ 1973 በካሊፎርኒያ በተደረገ ትርዒት ላይ ዶን ጠጥቶ ስለ ነበር ዘፈኑ ተበላሸ፤ ፊልም ጊታሩን ሰብሮ ከመድረኩ ወጣ። ከዚያ በኋላ ዐሥር ዓመት ያህል ተለያይተው ኖሩ። የሁለቱም ጉሮሮ ገና አልደከመም ነበር፤ ነገር ግን ለየብቻ ያወጧቸው ሸክላዎች የቀድሞውን ዝና ሊያገኙ አልቻሉም። ከዚህ የምንረዳው ሕዝቡ ይወድ የነበረው የዶንን ድምፅ ብቻ ወይም የፊልን ድምፅ ብቻ ሳይሆን፥ በሁለቱ መካከል ያለውን ዝምድና እንደ ነበረ ነው።

በመስከረም 1983 በለንደን በሮያል አልበርት አዳራሽ እንደ ገና አብረው ቆሙ። ዶን 46፥ ፊል 44 ዓመታቸው ነበር። ከዚያም ከሃያ ዓመት በኋላ በ2003፥ ሳይመንና ጋርፈንከል ባደረጉት ጉዞ በእንግድነት ተጋብዘው ሲዘፍኑ፥ ዶን 66፥ ፊል 64 ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ሰው ሲያረጅ የድምፅ አውታሮቹ ልስላሴያቸው ይቀንሳል፤ ሳንባውም እንደ ቀድሞው አይለጠጥም። ስለዚህ ረጅም ትንፋሽና ከፍተኛ ድምፅ ይከብዱታል፤ ብዙ ዘፋኞችም ቅኝታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ነገር ግን ታችኛው ድምፅ ከ200 ወደ 160፥ ላይኛው ከ250 ወደ 200 ቢወርድ፥ ዝምድናው ያው የ4ና የ5 ነው። ለብቻው የሚዘፍን ሰው ከፍታውን ሲያጣ ብዙ ያጣል፤ ጥንዶች ግን እየተደማመጡ ዋናውን ነገር ሊያቆዩት ይችላሉ።

ከዚህም በቀር በሸክላ የምንሰማው ውጤቱን ነው፤ በመድረክ ላይ ግን ሥራውን እናያለን። አንዱ ትንፋሽ እስኪስብ ሌላው ይጠብቀዋል፤ አንዱ ቃሉን ቢያዘገይ ሌላውም ያዘገያል። ይህ ሁሉ ተጣልተው በነበሩ ወንድማማቾች መካከል ሲደረግ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። እርግጥ ነው፥ አብሮ መዝፈናቸው ጠባቸውን ፈጽሞ አጠፋው ለማለት አይቻልም። ቢሆንም ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ አንዱ ሌላውን ሳይሰማ አንዲት ቃል እንኳ ሊያወጣ አይችልም ነበር። ስለዚህ ጭብጨባው ምጽዋት አልነበረም።

ፊል በ2014 ሞተ። ዶን እስከ 2021 ድረስ በሕይወት ቢቆይም፥ ያን ዝምድና ብቻውን ሊያሰማው የሚችል አልነበረም።

ይህ ለእኛም ትምህርት አለው። በአገራችን ማሲንቆ የሚመታው ባልና የምትዘፍነው ሚስት ለብዙ ዘመን አብረው ሲጫወቱ ይገኛሉ። ድምፅ ለመቅዳት የሚወጣ ተማሪ አንደኛውን ብቻ ቀድቶ ሌላውን ለከርሞ አይተው፤ ሁለቱን በአንድነት፥ በአንድ ቀን ይቅዳቸው። ኋላ አንደኛው ቢሞት፥ የቀረውን ብቻውን አዘፍኖ ያንኑ ዘፈን ማግኘት አይቻልምና።