አምፖሉን አትጣሉት

ዲመር የመብራትን ድምቀት ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ብዙ ሰው የሆቴል ጌጥ አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን ቡና ተፈልቶ ጨዋታ ሲደራ፣ ወይም ልጅ ሲያስተኙ፣ ከእሱ የተሻለ ዕቃ ቤት ውስጥ አላውቅም።

ስሙን ያጠፋው የአምፖሉ መርገብገብ ነው። የቱም ከተማ ልጅ የሆነ የቡና ነጋዴ ወዳጄ ሚዛን ከተማ ላይ ቤት ሠርቶ ገና ሳይረጋጋ ደወለልኝ፦ "ና እባክህ፣ ሳሎኔ ጭፈራ ቤት ሆኗል!" ስደርስ አራት ኤልኢዲ አምፖሎች ይርገበገባሉ፤ ስድስት ደግሞ ካርቶን ውስጥ ተጥለዋል። "ፎርጅድ ሸጡልኝ" አለ። ከተጣሉት አንዱን አንስቼ ዲመር የሌለበት መኝታ ቤት ገጠምኩት። ያለ እንከን በራ። ካርቶኑንም አነበብኩ፤ ለዲመር እንደሚሆን በግልጽ ተጽፎበታል።

ጥፋቱ የሌላ ነው። ወደ ቤታችን የሚገባው መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ይደርሳል። የተለመደው ዲመር ከእያንዳንዱ ግማሽ ሞገድ መጀመሪያውን ይቆርጣል። ይህን ዘዴ እንደ ፈረንጆቹ በ1959 ለቤት የሚሆን ያደረገው አሜሪካዊው ጆኤል ስፓይራ ሲሆን፣ ያኔ የነበረው አምፖል ባለ ክር ነው። ክሩ እንደ ቡና መቁያው ብረት ምጣድ ነው፤ ለአፍታ ከእሳት ቢነሳ ግለቱ አይለቀውም፤ ስለዚህ ቆረጣውን ዓይን አያየውም። ኤልኢዲ ግን የሚግል ክር የለውም።

ሰው የሚዘነጋው ደግሞ ዝቅተኛውን ጭነት ነው። የወዳጄን ዲመር ፈትቼ ጀርባውን ባየው "ከ40 ዋት ያላነሰ" ይላል። አራቱ አምፖሎች ባለ 5 ዋት ናቸው፤ ድምሩ 20። ዲመሩ ውስጥ ያለው ትራያክ የሚባል ክፍል በቂ ከረንት ካላለፈበት ከፍቶ መቆየት አይችልም፤ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ከቦርሳዬ አሮጌ ባለ 60 ዋት አምፖል አውጥቼ በአንዱ ቦታ ተካሁ። ሦስቱ ኤልኢዲዎች ጸጥ አሉ። ወዳጄ "አስማት ነው እንዴ?" አለ። ይህ መመርመሪያ እንጂ መፍትሔ አይደለም፤ በኤልኢዲ ያዳናችሁትን ኃይል መልሶ ይበላዋል። መፍትሔው ለኤልኢዲ የተሠራ፣ ሞገዱን ከመጨረሻው የሚቆርጥ ዲመር ነው። ብዙዎቹ የድምቀቱን መነሻ ከፍ የሚያደርግ ትንሽ ብሎን አላቸው፤ ሲደበዝዝ ብቻ ከተርገበገበ እሱን በካቻቢቴ ትንሽ ማዞር ይበቃል። ይህን ሳይሞክሩ ባለሱቁን መስደብ ነውር ነው።

በስልክ የሚታዘዘው ዲመር ጠባዩ ለየት ይላል። ጠፍቶም ዋይፋዩን ለመስማት ቀለብ ይፈልጋል። በብዙ ቤቶቻችን ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ፌዝ የሚባለው ኃይል አምጪ ሽቦ ወርዶ ይመለሳል እንጂ ኒውትራል የሚባለው ሌላው ሽቦ አይገባም። ያለ ኒውትራል የሚሠራው ዓይነት ታዲያ ቀለቡን በአምፖሉ በኩል አሾልኮ ይወስዳል። ሌሊት ጠፍቶ ሳለ ብልጭ የሚል አምፖል ጸበል አያስፈልገውም። ቤት የምትሠሩ፣ ግድግዳው ሳይለሰን ኒውትራል አስገቡ። ከአሜሪካ ዘመድ የላከውን ዲመርም ጀርባውን አንብቡ፤ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ እዚህ አታስሩት።

አንድ ነገር ግን ቀልድ የለውም። ዲመር የሌለበት ክፍልም አብሮ ከተርገበገበ፣ ወይም አንዱ ክፍል ሲደበዝዝ ሌላው ከልክ በላይ ከደመቀ፣ ኒውትራል ላልቶ ሊሆን ይችላል። ዋናውን ብሬከር አጥፉና ባለሙያ ጥሩ።

ወዳጄ ዲመሩን ቀየረ። ከተጣሉት ስድስት አምፖሎች አምስቱ ዛሬ በረንዳውና ኮሪደሩ ላይ ይበራሉ፤ ስድስተኛው በንዴት ሲወረወር ተሰብሯል።