ወሬና ሸንጎ በቸሃ፤ መገናኛ ብዙኃን ኅብረተሰብን ስለሚለውጡበት መንገድ

ጋዜጣና ራዲዮ፣ ቴሌቪዥንም፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ የእጅ ስልክ የሕዝብን ኑሮ ይለውጣሉ ሲባል ዘወትር እንሰማለን። አባባሉ እውነትነት አለው፤ ዳሩ ግን በምን መንገድ እንደሚለውጡ የሚያስረዳን ሰው ጥቂት ነው። አንድ ነገር በአየር ላይ ስለ ተነገረ ብቻ መንገድ አይጠረግም፣ ትምህርት ቤትም አይሠራም። የሰሙት ሰዎች አንድ ቦታ ተቀምጠው «ማን አየው? ማን አለው? እኛስ ምን እናድርግ?» ብለው ሲመካከሩበት ነው ወሬው ወደ ሥራ የሚለወጠው። ይህ ጽሑፍ ይህንኑ ነገር በቸሃ ከደረሰው ታሪክ ተነሥቶ ለማስረዳት የሚሞክር ነው።

ቸሃ ከሰባት ቤት ጉራጌ አንዱ ነው። ዋና ከተማው እምድብር ሲሆን፣ ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል፤ ወልቂጤ ደግሞ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 158 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አገሩ የእንሰት አገር ነው። ዊሊያም ሻክ የተባለው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በዚያው ተቀምጦ ካጠና በኋላ በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የጉራጌ ኑሮ ከእንሰት ጋር እንዴት እንደ ተቈራኘ በሰፊው ገልጦታል። እንሰት በጠባብ መሬት ብዙ ሰው ይመግባል፤ ነገር ግን ለግብርና ለልብስ የሚሆን ገንዘብ አያስገኝም። ስለዚህ የቸሃ ወንድ ልጅ ገና በለጋ ዕድሜው ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ጫማ ይጠርጋል፣ ይሸከማል፣ ቀንቶት እንደ ሆነ ሱቅ ይከፍታል። ቤቱ ግን ሁለት ሆኖ ይቀራል፤ አንዱ በከተማ፣ አንዱ በአገር ቤት።

ሁለት ቤት ያለው ሰው ደግሞ የሁለቱን ቤት ወሬ ማወቅ አለበት። ከጥንቱ የዚህ ወሬ ማሠራጫ መንገደኛው ራሱ ነበር። በተለይም በመስቀል ጊዜ በከተማ የሚኖረው ሁሉ ወደ አገሩ ሲገባ፣ ክትፎው ከቀረበ በኋላ ዋናው ጉዳይ ይጀመራል። የከተማው ዋጋ፣ የሞተውና የታመመው፣ ያገባውና የተጣላው ሁሉ ይነገራል። መስቀል ለጉራጌ በዓል ብቻ ሳይሆን የዓመቱ ጋዜጣ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም። ከታተመው ጋዜጣ የሚለየው ግን አንባቢው ጸሐፊውን ፊት ለፊት ለመጠየቅ መቻሉ ነው።

የዚህ ዓይነቱ የወሬ ልውውጥ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የሚያሳየው የመንገዱ ሥራ ነው። በ1954 ዓ.ም በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች የጉራጌ የመንገድ ሥራ ድርጅትን አቋቋሙ። በዚያው ዘመን አካባቢ በሶዶ ክስታኔ በኩል ያሉት ወገኖች ደግሞ ከዓለም ገና ወደ ወላይታ ሶዶ ለሚወስደው መንገድ የራሳቸውን ማኅበር መሥርተዋል። ሰባት ቤቶች ያሰቡት በተለይ ወልቂጤን በእምድብር በኩል ከሆሳዕና የሚያገናኘውን መንገድ ነበር። ገንዘቡ ከነጋዴው፣ ከሠራተኛው፣ ከጫማ ጠራጊው ሳይቀር ተዋጣ፤ ከአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣንም ጋር በመተባበር ሥራው ተጀመረ። ድርጅቱ ኋላ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ሌላውም ልማት ተሸጋግሮ፣ ስሙም ተለዋውጦ፣ ዛሬ ጉልባማ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው የጉራጌ ልማትና ባህል ማኅበር ወራሹ ሆኖአል።

እንግዲህ ይህን ያህል ሕዝብ ለአንድ ሥራ ያነሣሣው የትኛው መገናኛ ነው ብለን እንጠይቅ። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ከ1933 ዓ.ም ጀምሮ ይታተም ነበር፤ ራዲዮም ነበረ። ነገር ግን የዚያን ጊዜ ከቸሃ ገበሬ ማንበብ የሚችለው እጅግ ጥቂት ነው፤ ራዲዮውም በጉራጊኛ አይናገርም ነበር። ሥራውን የሠራው በዕድርና በተወላጆች ስብሰባ አማካይነት ከአፍ ወደ አፍ የሄደው ቃል ነው። ጋዜጣ የሚያነበው ተማሪ ወይም ጸሐፊ ያነበበውን በስብሰባው ይተረጕማል፤ ሌላው ይጠይቃል፤ ሦስተኛው ይቃወማል። ገንዘብ ያዡ የሰበሰበውን በሰው ፊት ይናገራል። የዕድር አባል የሆነ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የዕድር ስብሰባ ጸጥ ያለ ስብሰባ አይደለም። የሚያሰለች ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም በልጅነቴ አባቴን ተከትዬ ስሄድ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ነገር ግን ያ ጭቅጭቅ ነው ለመንገዱ መዋጮ እምነትን የፈጠረው። ሰው ገንዘቡን የሚሰጠው ላመነው ወሬ ነው፤ የሚያምነውም መርምሮ የተቀበለውን ነው።

በዛሬ ጊዜ በየአገሩ በትምህርት ቤት እንዲሰጥ የሚመከረው የመገናኛ ብዙኃን ንባብ ዕውቀት የሚባለው ትምህርት፣ በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም። የተነገረውን ከተናጋሪው ለይቶ ማየት፣ ተናጋሪው በነገሩ ምን ጥቅም እንዳለው መጠየቅ፣ ያልተነገረውን መፈለግ፣ ከሌላ ምንጭ ጋር ማመሳከር ነው። ለሰባት ቤት ሰው ይህ ሥርዓት እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። የጆካ ሸንጎ የሚመራበት ቅጫ የተባለው ሕግ በጽሑፍ ሳይሆን በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው፤ ነገሩም የሚታየው በአደባባይ፣ ሽማግሎች ተቀምጠው፣ ግራና ቀኙ ተሰምቶ ነው። በመካከላቸው የቃል ኪዳን ማሰሪያ የሆነው ጉርዳ አለ። ጉርዳ የገባ ሰው ቃሉን እንደ ዋዛ አያጥፍም።

በብዙ የኢትዮጵያ ክፍል ይሠራበት የነበረውን አፈርሳታንም እዚህ ላይ ማንሣት ተገቢ ነው። ወንጀለኛው ያልታወቀ ጥፋት ሲደርስ የመንደሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ የሚጠየቅበት ሥርዓት ነው። ሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በ1969 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ያሳተመው ልብ ወለድ ስሙን የወሰደው ከዚሁ ሲሆን፣ ታሪኩም በጉራጌ መንደር የተመሠረተ ነው። በአፈርሳታ ያየውን በስውር የሚጠቁም ሰው «ወፍ» ይባላል። ወፉ ለሕዝቡ የተሰወረ ነው፤ ለሽማግሎቹ ግን የታወቀ ነው፤ በሐሰት ቢናገር የሚጠይቀው አለ። ዛሬ በስልክ የሚደርሱን ስም የለሽ ጽሑፎች ከዚህ ወፍ ጋር ይመሳሰላሉ፤ ልዩነቱ ሽማግሌ የሌላቸው ወፎች መሆናቸው ነው።

ይህን ስል የጥንቱን ሸንጎ እንደ ፍጹም ነገር አድርጌ ማቅረቤ እንዳይመስል። በሸንጎው ሴት እንደ ወንድ አትናገርም ነበር። እንጨት ጠራቢው ፉጋም፣ ቤት ሠርቶ ለሌላው ሲሰጥ፣ በመሬትና በአደባባይ ድርሻ አልነበረውም። እንዲህ ከሆነ ዘንድ ሸንጎው መርምሮ እውነት ያለው ነገር የሁሉ ሰው እውነት አልነበረም ማለት ነው። የቃቄ ወርድወት የተባለችው ሴት ስለ ሴቶች የጋብቻ መብት ከጆካ ሽማግሎች ፊት ቀርባ መከራከርዋ እስከ ዛሬ በቃል ይነገራል። ታሪክዋ ለብዙ ዘመን በጉራጌ ብቻ ሲነገር ቆይቶ፣ ጫንያለው ወልደ ጊዮርጊስ በቴአትር ደርሶት በብሔራዊ ቴአትር ሲታይ፣ ስምዋን ሰምቶ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ዐወቃት። እዚህ ላይ መገናኛ ብዙኃን ሸንጎ የማይሠራውን ሥራ ሠሩ፤ በአደባባይ አፍ ላልነበራት አፍ ሰጡ።

የራዲዮ ድራማም እንዲሁ ነው። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም በኢትዮጵያ ራዲዮ በ257 ክፍሎች የተላለፈው «የቀን ቅኝት» ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ሴቶች ኑሮ የሚናገር ተከታታይ ድራማ ነበር። አዘጋጆቹ ከአድማጮች በሺህ የሚቈጠሩ ደብዳቤዎች ደርሰዋቸዋል። ባልና ሚስት በቤታቸው ለመነጋገር ያፈሩበትን ጉዳይ፣ በድራማው ሰዎች ስም አሳበው ሊነጋገሩበት ቻሉ። እንደ እኔ አስተያየት የድራማው ኃይል በምክሩ አልነበረም፤ ምክርማ ከጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይም ተለጥፎ ነበር። ኃይሉ የመነጋገሪያ ሰበብ በመስጠቱ ነው።

አሁን ወደ ቋንቋው ጉዳይ ልለፍ፤ ለቸሃ ይህ ትልቅ ነገር ነውና። በሐምሌ 1971 ዓ.ም የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተስፋፋ በኋላ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቶአል፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ከዩኔስኮ የተሸለመውም በዚሁ ሥራ ነው። ከ15ቱ መካከል ስልጢኛ ሲገኝ የቸሃ ቋንቋ አልነበረበትም። ከዚያ ቀደም ብሎ ከላይ ስሙን ያነሣነው ሳህለ ሥላሴ የአንድን ልጅ የመንደር ሕይወት በቸሃ ቋንቋ ጽፎ ነበር፤ በ1964 እ.ኤ.አ. ግን ለዓለም የደረሰው ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ በተረጐመው ነው። የሺነጋ መንደር ሰዎች ስለ ራሳቸው የተጻፈውን በራሳቸው ቋንቋ ሳያነቡ፣ የካሊፎርኒያ ተማሪዎች አነበቡት።

ቸሃን ለመጻፍ ችግሩ የፈቃድ ብቻ ሳይሆን የፊደልም ነበር። ቋንቋው በአማርኛ ፊደል በቀላሉ የማይለዩ ድምፆች አሉት፤ ለምሳሌ ከንፈርን ሰብስቦ የሚነገር «ም» እና «ብ»፣ ምላስን ወደ ላንቃ አስጠግቶ የሚነገር «ክ» እና «ግ» ይገኙበታል። ለእነዚህ የተዘጋጁ ፊደላት ከፊሎቹ በ2005 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የኮምፒዩተር ፊደል ሰሌዳ ውስጥ ገቡ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለጉራጊኛ የሚያስፈልጉ 28 ፊደላት ተጨመሩ። ነገሩ ጥቃቅን የባለሙያ ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን ስልኩ የማይጽፈው ቋንቋ በስልክ ዘመን ተመርምሮ አይነገርበትም፤ ወሬው በሌላ ቋንቋ ይመጣል፣ የሚመረምረው አያት ግን በቸሃ ያስባል። በመካከል ያለው የልጅ ልጅ አስተርጓሚ ይሆናል፤ እንደ ፈለገውም ይተረጕማል።

ዛሬ በእምድብር ገበያ የእጅ ስልክ ያልያዘ ወጣት ማግኘት ያስቸግራል። ከአዲስ አበባ፣ ከደቡብ አፍሪካና ከዐረብ አገር የሚላከው ወሬ መስቀልን አይጠብቅም፤ በደቂቃ ይደርሳል። ጥቅሙ ብዙ ነው፤ የታመመ ሰው ሕክምና እንዲያገኝ በአንድ ቀን መዋጮ ይሰበሰባል። ጉዳቱም በዚያው ልክ ነው። የጥንቱ ወሬ ሲደርስ ሸንጎው አብሮ ይቀመጥ ነበር፤ የአሁኑ ወሬ ግን እያንዳንዱን ሰው ለብቻው፣ በመኝታው ላይ ያገኘዋል። የድሮ ፎቶግራፍ የዛሬ ነው ተብሎ ይላካል፤ የአንድ አገር ጠብ የሌላ አገር ነው ይባላል። በብሔር ወይም በሃይማኖት ጉዳይ ላይ ሲሆን፣ የሰው ሕይወት ሊጠፋበት ይችላል።

መንግሥት በ2012 ዓ.ም የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል አዋጅ ቍጥር 1185ን አውጥቶአል። አዋጁ የሚያስፈልግ አይደለም አልልም፤ ሆኖም ሕግ የሚደርሰው ወሬው ከተበተነ በኋላ ነው፤ ሐሰት የሆነውንና ባለ ሥልጣንን ያላስደሰተውን መለየትም ለዳኛ ቀላል አይደለም። ከዚያ በፊት ሊደረግ የሚችለው በዕድሩ እጅ ያለ ነው። ዕድር ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ እንዳለው ሁሉ፣ ወሬ መርማሪም ሊኖረው ይችላል። ይህም ሰው አባላቱን ያስጨነቀውን ወሬ ይዞ ደረሰ ወደ ተባለበት ቦታ የሚደውል፣ ያገኘውንም በስሙ የሚናገር ነው። ከቸሃ የወጣ ሰው በየወረዳውና በየከተማው ስላለ፣ ደውሎ የሚጠይቀው ዘመድ አያጣም።

የወር ስብሰባ እስኪደርስ ወሬው አገር ያቃጥላል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ትክክልም ነው። ስለዚህ መርማሪው ሰው በስልኩ ቡድን ውስጥም መኖር አለበት፤ ለሥራውም በቸሃ ቋንቋ መጻፍ የሚችል ወጣትና ነገር የሚያውቅ ሽማግሌ አብረው ቢመደቡ ይመረጣል። ሴቶችም ከዚህ ሥራ መቅረት የለባቸውም፤ በመንደር የወሬን መነሻ ከእነርሱ ይበልጥ የሚያውቅ የለምና። በሚመጣው መስቀል ወደ አገራችን የምንገባ የቸሃ ተማሪዎች ይህን ሐሳብ በየመንደራችን ዕድር አቅርበን፣ የተባልነውን መዝግበን ብንመለስ፣ ለዚህ መጽሔት የሚቀጥለው ቍጥር የሚሆን ጥናት ይገኝበታል።