ኢንተርኮም በየትኛው ስልክ ላይ ይግባ? የአይፒ ስልክ አደረጃጀት ለቁም እንስሳት ነጋዴ ቢሮ

ከሞያሌ ወደ ናይሮቢ ከብት የሚያስጭን ነጋዴ የሚከስረው በመንገድና በቀረጥ ብቻ አይደለም። ወረቀቱን የያዘው የቢሮ ሠራተኛ ስልክ ሳያነሳ ሲቀርም ኪሳራ አለ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 የሞያሌ የአንድ መስኮት የድንበር ጣቢያ ከተመረቀ ወዲህ የኢትዮጵያና የኬንያ ሠራተኞች ጭነትን በአንድ ጣቢያ የሚያዩበት አሠራር ተዘርግቷል። ጣቢያው ቢፈጥንም የነጋዴው ቢሮ ካልፈጠነ መኪናው መቆሙ አይቀርም።

የቆመ መኪና ምን ያህል ያስከፍላል? ያለ መኖና ውኃ አንድ ቀን የዋለ ያደረ ከብት ብዙውን ጊዜ ከክብደቱ ከመቶ 5 እስከ 10 ሊያጣ ይችላል። እያንዳንዳቸው 300 ኪሎ የሚመዝኑ 20 በሬዎች ጭናችኋል እንበል። ጠቅላላው 6,000 ኪሎ ነው። ከመቶ 6 ቢቀንስ 360 ኪሎ ይጎድላል፤ ይህ ከአንድ ሙሉ በሬ ይበልጣል። መጀመሪያ ላይ ከሚጎድለው የሚበዛው የሆድ ዕቃ ስለሆነ ከብቱ ሲበላና ሲጠጣ ይመለሳል። ገዢው የሚከፍለው ግን ሚዛን ላይ በቆመበት ሰዓት ላለው ክብደት ነው። በዓይን ግምት በሚሸጥበት ገበያም ቢሆን የጎደለ ሆድ ይታያል።

የ20 ደቂቃ መዘግየት የ20 ደቂቃ ኪሳራ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እነዚያ ደቂቃዎች የጽሕፈት ቤት መዝጊያ ሰዓት ካሳለፉ ግን ኪሳራው የአንድ ሌሊት ይሆናል። ኢንተርኮም የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ያለ ቦታው ከገባ ደግሞ ሌላ ኪሳራ ያመጣል፤ ዋጋ ስትነጋገሩ ጎረቤት ክፍል የተቀመጠው ደላላ ይሰማችኋል። ስለዚህ ኢንተርኮም ከመግጠማችሁ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ የትኛው ስልክ በራሱ ይከፈት፣ የትኛው ይጩኽ የሚለው ነው።

ኢንተርኮም ከተራው የውስጥ ጥሪ በምን ይለያል?

ሩንዳ ውስጥ ቢሮና መኖሪያን በአንድ ግቢ ያደረገ ነጋዴ እንውሰድ። ዘበኛው በር ላይ ነው። ጸሐፊዋ በዋናው ቤት መግቢያ ትቀመጣለች። ሰነድ ያዡ ናይሮቢዎች «ኤስኪው» በሚሏት የጓሮ ክፍል ይሠራል። ባለቤቱ ፎቅ ላይ ናቸው። በእነዚህ መካከል ሦስት ዓይነት ጥሪ ሊኖር ይችላል።

ተራ የውስጥ ጥሪ፦ ስልኩ ይጮኻል፣ ሰው ያነሳዋል። ካልተነሳ ወደ ሌላ ስልክ ሊሻገር ይችላል።

ኢንተርኮም፦ ስልኩ አጭር ድምፅ ያሰማና ድምፅ ማጉያው በራሱ ይከፈታል። ተጠሪው እጁን ሳያነሳ ይሰማል፣ ማይክሮፎኑ ከተከፈተም ይመልሳል።

ማስታወቂያ፦ አንዱ ይናገራል፣ ሁሉም ስልኮች ያሰማሉ፣ መልስ የለም። «መኪናው በር ላይ ደርሷል» ለማለት ይበቃል።

የትኛው ስልክ ይፈቀድለት?

ኢንተርኮም የሚገባቸው ሦስት ቦታዎች ናቸው። አንደኛው ሰነድ ያዡ ነው። የጤና ምስክር ወረቀት ላይ የከብት ብዛት ወይም የጆሮ ምልክት ቁጥር አልጣጣም ሲል ሞያሌ ያለው ሠራተኛችሁ ፋይሉ አጠገብ ካለው ሰው መልስ የሚያስፈልገው ወዲያው ነው። ሁለተኛው ጸሐፊዋ ናት፤ የውጭ ጥሪ ስትቀበል ባለቤቱ የት እንዳሉ የምታውቀው እርሷ ናት። ሦስተኛው የግቢው በር ነው።

ኢንተርኮም የማይገባቸው ደግሞ የባለቤቱ ጠረጴዛ፣ ከገዢ ጋር ዋጋ የሚቆረጥበት ክፍልና የሂሳብ ሠራተኛው ስልክ ናቸው። እነዚህ ይጩኹ እንጂ በራሳቸው አይከፈቱ። ገዢ ፊት ለፊት ተቀምጦ «ሞያሌ ላይ በዚህን ያህል ገዝተናል» የሚል ድምፅ ከስልኩ ቢወጣ ድርድሩ እዚያው ያበቃል። ጥሪ የምትቀዱ ከሆነም እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውን የኬንያ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አስታውሱ፤ ድምፁ የሚቀዳው ሰው አስቀድሞ ይነገረው።

የመስመር ቁጥር አወጣጥ

የመስመር ቁጥር ከመስጠታችሁ በፊት በወረቀት ላይ ጻፉት። የሩንዳ ቢሮ ከ200፣ የሞያሌ ከ300፣ የአዲስ አበባ ከ400 ቢጀምር ማን የት እንዳለ ከቁጥሩ ይታወቃል። በ1 እና በ9 የሚጀምሩትን ብትተዉ ይሻላል፤ በኬንያ 112 እና 999 የአደጋ ጊዜ ቁጥሮች ስለሆኑ ከውስጥ መስመር ጋር መምታታት የለባቸውም። 0ንም ለውስጥ መስመር አትስጡ፤ የውጭ ጥሪ የሚጀምረው በእርሱ ነው። መስመሩን በሰው ስም ሳይሆን በሥራ መደብ ሰይሙት። ሠራተኛ ቢለቅ «ሰነድ፣ 203» ያው 203 ሆኖ ይቀጥላል።

ማዞሪያውና ስልኩ ላይ የሚሠራው

የአይፒ ስልክ ማዞሪያ እንደ ድሮው ሽቦ የሚሰካበት ሳጥን ብቻ አይደለም፤ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ፕሮግራምም ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረው አስተሪስክ በነፃ የሚገኝ ሲሆን ፍሪፒቢኤክስ የሚባለው በእርሱ ላይ ተሠርቶ በድረ ገጽ ይታዘዛል። አሠራሩ በአብዛኞቹ ማዞሪያዎች ተመሳሳይ ነው።

1. ለእያንዳንዱ ስልክ የውስጥ መስመርና ረጅም የይለፍ ቃል ፍጠሩ። የይለፍ ቃሉ ከመስመሩ ቁጥር ጋር አንድ ዓይነት አይሁን፤ ሌቦች መጀመሪያ የሚሞክሩት ያንኑ ነው።

2. በማዞሪያው ላይ የኢንተርኮም መለያ ቁጥር አብሩ። በፍሪፒቢኤክስ የተለመደው *80 ነው። *80203 ሲደወል ማዞሪያው ከጥሪው ጋር «በራስህ ተከፈት» የሚል መልእክት ለ203 ይልካል። 203 ብቻ ሲደወል ስልኩ እንደወትሮው ይጮኻል።

3. ስልኩም ይህን መልእክት እንዲቀበል መፈቀድ አለበት። ብዙዎች የሚቸገሩት እዚህ ነው፤ ማዞሪያው ተስተካክሎ ስልኩ ዝም ብሎ ይጮኻል። ለምሳሌ በያሊንክ ስልኮች ላይ አራት ምርጫዎች አሉ። «ኢንተርኮም አላው» በራሱ እንዲከፈት ይፈቅዳል። «ኢንተርኮም ሚዩት» ሲበራ ድምፅ ማጉያው ይከፈታል፣ ማይክሮፎኑ ግን ይዘጋል። «ኢንተርኮም ቶን» ከመከፈቱ በፊት የማስጠንቀቂያ ድምፅ ያሰማል። «ኢንተርኮም ባርጅ» ሌላ ጥሪ ላይ እያላችሁ ኢንተርኮሙ እንዲገባ ያደርጋል።

4. ለሰነድ ያዡና ለጸሐፊዋ «አላው»ንና «ቶን»ን አብሩ፣ «ባርጅ»ን አጥፉ። ጸሐፊዋ ከገዢ ጋር ስትነጋገር ጥሪው መቋረጥ የለበትም። ሰው በሚበዛበት ክፍል ላለ ስልክ «ሚዩት»ን አብሩ፤ ሰሚው መመለስ ሲፈልግ ራሱ ማይክሮፎኑን ይከፍታል። ለባለቤቱና ለሂሳብ «አላው»ን አጥፉ።

5. *80203ን በአንድ የስልክ ቁልፍ ላይ አስቀምጡ። ሲቸኩሉ ኮከብ ምልክት የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው።

የበሩ ስልክ የራሱ ጥንቃቄ አለው። የአይፒ የበር ስልክ ካሜራና መክፈቻ ሊኖረው ይችላል፤ ከውስጥ አንድ ቁጥር ሲጫን በሩ ይከፈታል። ሽቦው ግን ከአጥር ውጭ ስለሚወጣ ስልኩን ነቅሎ ላፕቶፑን የሚሰካ ሰው የቢሮውን መረብ ሊያገኝ ይችላል። ባለሙያው ይህን መስመር ከቢሮው ኮምፒውተሮች መረብ እንዲለየው ጠይቁ።

ሽቦ፣ መብራትና ኢንተርኔት

የናይሮቢ ቤቶች የድንጋይ ግንብ ዋይፋይን ያዳክማል፤ ለጠረጴዛ ስልክ ሽቦ ይሻላል። የተለመደው የኔትወርክ ሽቦ ከስዊች እስከ ስልክ ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም። ከዋናው ቤት ወደ በር ወይም ወደ ጓሮ ክፍል ርቀቱ ከበዛ ወይም መብረቅ የሚያሰጋ ከሆነ ፋይበር ይዘርጋ።

በዚያው ሽቦ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ስዊች ግዙ። ያን ጊዜ ስልኮቹ የየራሳቸው ቻርጀር አያስፈልጋቸውም፤ አንድ ዩፒኤስ ስዊቹን፣ ማዞሪያውንና ራውተሩን ይዞ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር እስኪነሳ ሁሉንም ያቆያል።

ማዞሪያው የት ይቀመጥ የሚለው ብዙ ጊዜ በዋጋ ብቻ ይወሰናል፤ መወሰን ያለበት ግን ኢንተርኔት ሲቋረጥ በሚሆነው ነው። ማዞሪያው ግቢ ውስጥ ካለ ኢንተርኔት ቢጠፋም ከበር ወደ ቢሮ፣ ከጸሐፊ ወደ ሰነድ ያዥ ያለው ኢንተርኮም ይሠራል። በኢንተርኔት በኩል የሚከራዩት ከሆነ ግን ግንኙነቱ ሲቋረጥ አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ክፍሎች እንኳ ላይደዋወሉ ይችላሉ።

ከሞያሌ የሚመጣው መስመር

የሞያሌን ቢሮ በኢንተርኔት ከሩንዳ ማዞሪያ ጋር ለማገናኘት የሚያስፈልገው አቅም ትልቅ አይደለም። ጂ.711 በሚባለው የድምፅ አሠራር አንድ ጥሪ በየአቅጣጫው ወደ 87 ኪሎቢት በሰከንድ ይወስዳል፤ ጂ.729 ወደ 31 ያወርደዋል። መስመሩ ደካማ ከሆነ ሁለተኛውን ምረጡ። ግንኙነቱ በቪፒኤን ይሁን። የስልኩ መግቢያ በር 5060 ለዓለም ሁሉ ክፍት ሆኖ ካደረ የማታውቁት ሰው በእናንተ ሂሳብ ወደ ሩቅ አገር ሊደውል ይችላል።

ሞያሌ ሁለት ስለሆነች የት እንዳላችሁ ለዩ። በኬንያ በኩል ያለ ቢሮ በኬንያ ሕግ ይተዳደራል። በኢትዮጵያ በኩል ወይም አዲስ አበባ ስልክ ከማስቀመጣችሁ በፊት ግን የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 (እ.ኤ.አ. 2012) መታየት አለበት። አዋጁ በኢንተርኔት አማካይነት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። የራሳችሁ ሠራተኞች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መስመርና ከናይሮቢ የመጣን ጥሪ ወደ ኢትዮጵያ ስልኮች የሚያሻግር መስመር አንድ አይደሉም። ሁለተኛውን በጭራሽ አትሞክሩ፤ ለወዳጅ ተብሎም ቢሆን። ለመጀመሪያውም መሣሪያ ከማስገባታችሁ በፊት በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 (እ.ኤ.አ. 2019) መሠረት የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለ ፈቃዱ ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ያዙ። መልሱ እስኪመጣ የኢትዮጵያው ሠራተኛ በተራ ሞባይል ወደ ሩንዳ ይደውል፤ ጸሐፊዋ ተቀብላ ሰነድ ያዡን በኢንተርኮም ትጠይቃለች። ፍጥነቱ የሚገኘው በዋናነት ግቢው ውስጥ ስለሆነ በዚህ የምታጡት ትንሽ ነው።

ከመረከባችሁ በፊት ፈትሹ

የገጠመውን ባለሙያ ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት አምስት ነገር አብራችሁ ሞክሩ። *80203 ሲደወል ይከፈታል? ጸሐፊዋ ሌላ ጥሪ ላይ እያለች ኢንተርኮም ቢመጣ ጥሪዋ ሳይነካ ይቀጥላል? የባለቤቱ ስልክ በኢንተርኮም ሲጠራ ሳይከፈት ይጮኻል? መብራት ቢነቀል ስልኮቹ ይቆያሉ? የኢንተርኔት ሽቦ ቢነቀል ከበር ወደ ቢሮ ይደወላል? ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ ሞክሩት፤ ዋጋ የሚነገርበት ክፍል እርሱ ነው።

በመጨረሻም ኢንተርኮም ቃል ያደርሳል እንጂ ወረቀት አይተካም። በስልክ የተነገረ የከብት ቁጥር ወዲያው በጽሑፍ ይላክ፤ ሞያሌ ላይ የእንስሳት ሐኪሙ የሚያየው ሰነዱን ነው።