ያውቁ ኖሯል? ቀርፋፋው መስመሩ ሳይሆን ቤትዎ ሊሆን ይችላል

«10 ሜጋ» ተብሎ የተሸጠልዎት ኢንተርኔት በሰከንድ 10 ሜጋቢት ማለት ነው። ኮምፒውተርዎ ፋይል ሲያወርድ የሚቆጥርልዎት ግን ብዙ ጊዜ በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሚይዝ የ10 ሜጋ መስመር በሰከንድ ቢበዛ 1.25 ሜጋባይት ያወርዳል። ስክሪኑ ላይ 1.1 ካዩ መስመሩ ጤነኛ ነው፤ «የከፈልኩበትን አንድ አሥረኛ ነው የሚሰጡኝ» ብሎ ማማረር አይገባም።

ጥፋተኛውን ለመለየት ቴክኒሻን መጥራት አያስፈልግም። ስልኮቹንና ቴሌቪዥኑን ከዋይፋይ ያውጡ፤ ላፕቶፕዎን በኬብል ራውተሩ ላይ ይሰኩና ፍጥነቱን ይለኩ። ቀጥሎ ኬብሉን ነቅለው እዚያው ራውተሩ አጠገብ በዋይፋይ፣ በመጨረሻም መኝታ ቤት ገብተው ይለኩ። በኬብል ሙሉ ሆኖ መኝታ ቤት ሲደርሱ ከወረደ መስመሩ ደህና ነው፤ ችግሩ ያለው ዋይፋዩ ላይ ነው። በኬብልም ቀርፋፋ ከሆነ ራውተሩን ወዲያ ወዲህ ማንቀሳቀስ ትርፉ ድካም ነውና ለአገልግሎት ሰጪው ይደውሉ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚሞክሩ ከሆነ ይህን ይሞክሩ።

ኬብሉ ውስጥ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። እስከ 100 ሜጋቢት ለማስተላለፍ 4ቱ ይበቃሉ፤ ጊጋቢት ግን 8ቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ ከቀሪዎቹ 4 አንዱ በሶፋ እግር ተረግጦ ቢበጠስ ኢንተርኔቱ አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ ወደ 100 ይወርዳል። የ10 ሜጋ ደንበኛ ልዩነቱን አያየውም። የ200 ሜጋ ደንበኛ ግን ግማሹን ያጣል።

የፋይበር ደንበኛ ነዎት? መሣሪያው ላይ «ሎስ» የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ብርሃኑ ከውጭ አልደረሰም ማለት ነው። ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት አይፈታውም። ቀጭኗ ገመድ ከዕቃ ጀርባ ተጣጥፋ እንደሆነ ብቻ ይመልከቱ፤ ውስጧ መስታወት ስለሆነ በጣም ስትታጠፍ ብርሃኑ ያመልጣታል። እሷ ደህና ከሆነች የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ 994 ይደውላል።

ማይክሮዌቭ ምግብ የሚያሞቀው በ2.45 ጊጋኸርትዝ ገደማ ነው፤ ከዋይፋይ ሞገዶች አንዱም 2.4 ላይ ነው የሚሠራው። ከበሩ ጠርዝ የምታፈተልከው ጥቂት ሞገድ ለጤና አታሰጋም፣ የቪዲዮ ጥሪ ለማቆራረጥ ግን ትበቃለች። አውስትራሊያ ውስጥ ፓርክስ የሚገኘው ባለ 64 ሜትር ሳህን የራዲዮ ቴሌስኮፕ ለዓመታት ምንጩ ያልታወቀ ቅጽበታዊ ምልክት ይመዘግብ ነበር። ተመራማሪዎቹ «ፔሪቶን» ብለው ሰየሙት፣ ብዙም ተከራከሩበት። እ.ኤ.አ. በ2015 ሲደረስበት ምንጩ እዚያው ግቢ ውስጥ ያለ ማይክሮዌቭ ሆኖ ተገኘ፤ ሠራተኞች ሰዓቱ ሳያልቅ በሩን ሲከፍቱት የሚወጣ ሞገድ ነበር። የጠፈርን ሹክሹክታ የሚያዳምጥ መሣሪያ እንዲህ ከተሸወደ፣ ኩሽና አጠገብ የተቀመጠ ራውተር ቢታወክ አይገርምም።

ራውተርዎ 5 ጊጋኸርትዝም ካለው እዚያ ላይ ይግቡ። ይፈጥናል፤ ከማይክሮዌቩም ይገላገላሉ። ግድግዳ ላይ ግን ከ2.4 ይልቅ ቶሎ ይደክማል።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ስልኩን ሲከፍት የጎረቤት ዋይፋይ ስም ተደርድሮ ያያል። 2.4 ላይ ብዙ አገሮች 13 ቻናል ይፈቅዳሉ፤ አንዱ በሌላው ላይ የማይደረቡት ግን 1፣ 6 እና 11 ናቸው። አንዳንዱ ሰው 1 እና 6 ሲጨናነቁበት «ባዶ ነው» ብሎ 3ን ይመርጣል። ይህ የባሰ ነው። አንድ ቻናል ላይ ያሉ ራውተሮች አንዱ የሌላውን ንግግር ሰምተው ተራ ይጠብቃሉ፤ ቻናል 3 ላይ ያለው ግን ለ1ም ለ6ም የማይገባቸው ጫጫታ ይሆንባቸዋል፣ እነሱም እንዲሁ ለእሱ። ከሦስቱ ሰው ያልበዛበትን መርጦ መቀመጥ ይሻላል።

ተራ ካነሳን፦ በተለመደው ዋይፋይ አንድ ቻናል ላይ የሚናገረው በአንድ ጊዜ አንድ መሣሪያ ነው። ሲግናል በደከመበት ጥግ ያለ አሮጌ ስልክ ያንኑ ዳታ ለመላክ ብዙ እጥፍ ጊዜ ይወስዳል፤ ሌላው ሁሉ ይጠብቀዋል። ቤቱ የቀረፈፈው በአንድ ስልክ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ራውተሩን ቡፌ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥን ጀርባ መደበቅ የተለመደ ነው። ቴሌቪዥኑ ሞገድ የሚያግድ ብረት አለበት፣ የመስተዋት ጀርባ በብረት የተለበጠ ነው፣ ውሃም ሞገድ ይውጣል። ከፍ አድርገው፣ ገላጣ ቦታ ላይ፣ ቤቱ መሃል ያኑሩት። የዱላ አንቴና ሞገድ የሚወጣው ከጎኑ እንጂ ከጫፉ አይደለም፤ ጫፉን ወደ መኝታ ቤት ማነጣጠር ስለዚህ ይጎዳል። ፎቅ ቤት ከሆነ አንዱን አንቴና ቀጥ አድርገው ሌላውን ማጋደም ይረዳል።

ዌልስ ውስጥ አበርሆሳን በምትባል መንደር፣ በእኛ አቆጣጠር ዘወትር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ የመንደሩ ኢንተርኔት ይወድቅ ነበር። 18 ወር ቆየ። ኦፕንሪች የተባለው የመስመር ኩባንያ ኬብል እስከ መቀየር ደረሰ፣ አልተፈታም። በመጨረሻ መሐንዲሶቹ ሞገድ መለኪያ ይዘው በማለዳ መንደሩን ሲዞሩ ምንጩን አገኙት፦ አንድ ነዋሪ ጠዋት ጠዋት የሚከፍተው ያገለገለ አሮጌ ቴሌቪዥን። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ሲሆን ባለቤቱ ዳግመኛ ላይከፍተው ቃል መግባቱ ተነገረ። የእርስዎም መስመር ቋሚ ሰዓት ጠብቆ የሚወድቅ ከሆነ በዚያ ሰዓት ምን እንደሚበራ ያስተውሉ።

ያውቁ ኖሯል? ዳውንሎዱን የሚያንቀው አፕሎዱ ሊሆን ይችላል። ጂም ጌቲስ የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2010 ከቤቱ ትልቅ ፋይል ሲልክ ኢንተርኔቱ በሙሉ ሲደነዝዝ አስተዋለ። ምክንያቱን ሲቆፍር፣ የመሣሪያዎቹ ማጠራቀሚያ ከልክ በላይ ትልቅ ሆኖ ተገኘ፤ ወጪው ዳታ እዚያ ይከመራል፣ ትንሿ «ይህን ገጽ ክፈትልኝ» የምትል ጥያቄም ከክምሩ ኋላ ትሰለፋለች። ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ2012 «ኮዴል» የተባለ መፍትሔ አወጡ፤ ዛሬ በብዙ ራውተሮች ውስጥ አለ። የእርስዎ ላይ ከሌለ፣ ስልኮቹ ፎቶ ወደ ክላውድ የሚጭኑበትን ሰዓት ሁሉም ወደተኛበት ያዛውሩት። ውጭ አገር ካለ ዘመድ ጋር በቪዲዮ እያወሩ ፊቱ የሚደርቅብዎት፣ አጠገብዎ ያለ ስልክ በዚያው ሰዓት የሠርግ ቪዲዮ እየላከ ስለሆነ ሊሆን ይችላል።