ለዓይን ውኃ መንገድ የሚከፍት ጨረር

በሰው ዓይን ውስጥ፣ ከዕንባ ፈጽሞ የተለየ፣ ጥሩና ቀለም የለሽ ውኃ ሌሊትና መዓልት ሳያቋርጥ ይመነጫል። መጠኑ በደቂቃ ከ2 እስከ 3 ማይክሮሊትር ብቻ ነው። ይህም ውኃ ለዓይን ቀለሙን ከሚሰጠው ከአይሪስ በስተኋላ ተመንጭቶ፣ በአይሪስና በሌንስ መካከል ሾልኮ፣ በብሌን በኩል ወደ ፊተኛው ክፍል ይወጣና፣ የደም ሥር ያልተፈጠረላቸውን ሌንስንና ኮርኒያን መግቦ፣ አይሪስና ኮርኒያ በሚገናኙበት ማዕዘን ባለው ረቂቅ መረብ ተጣርቶ ወደ ደም ይመለሳል። የሚመነጨውና የሚወጣው እስከ ተካከለ ድረስ የዓይን ግፊት በአብዛኛው ሰው ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ባዜቃ ባለው ወሰን ይጸናል።

ነገር ግን ዓይናቸው አጭር፣ የፊተኛውም ክፍል ጠባብ ሆኖ የተፈጠረ ሰዎች አሉ፤ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች፣ ከወጣቶች ይልቅ አረጋውያን፣ ከሕዝብም የምሥራቅ እስያና የግሪንላንድ ሰዎች ይበዙባቸዋል። ሌንስ በዕድሜ ብዛት እየወፈረ በሄደ መጠን አይሪስን ከኋላው ይጠጋዋል፤ ውኃውም መውጫ ሲያጣ በስተኋላ ተጠራቅሞ፣ ነፋስ እንደ ገባበት ድንኳን አይሪስን ወደ ፊት ይነፋና ማዕዘኑን ይደፍነዋል። በድንገት ከተደፈነ ግፊቱ ከ50 ሚሊ ሜትር ባዜቃ በላይ ይወጣል፤ ዓይን ይቀላል፣ ሕመሙ እስከ ራስ ይዘልቃል፣ በመብራት ዙሪያ ባለ ቀለም ቀስተ ደመና ይታያል፤ ማስታወኩም ከመበርታቱ የተነሣ በሽተኛው የሆድ ሕመም የያዘው እየመሰለ መድኃኒቱ የሚዘገይበት ጊዜ አለ። ቀስ በቀስ ሲደፈን ግን አንዳች ሕመም ሳይሰማ የዕይታ ነርቭ ይሞታል፤ የሞተውንም የሚያስነሣ ጥበብ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ከዚህ ጽልመት ለማዳን የመጀመሪያውን በር የከፈተ፣ በበርሊን የነበረው ሐኪም አልብሬሽት ፎን ግሬፈ ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1857 ዓ.ም.፣ ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው፣ ግላኮማ በሚባለው በዚህ ነርቭን በሚገድል በሽታ፣ ከአይሪስ ጥቂት ቈርጦ በማውጣት ግፊቱን ማውረድ እንደሚቻል ገለጠ። ለምን እንደሚያድንና በአንዳንዱ ሰው ላይ ለምን ከንቱ እንደሚሆን ግን ምሥጢሩ ተሰውሮ ቈየ። በ1920 ዓ.ም. አሜሪካዊው ኤድዋርድ ከረን፣ ውኃው የሚታገደው በብሌን ዘንድ መሆኑን አስረድቶ፣ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ እንደሚበቃ ተናገረ፤ በ1938 ዓ.ም. ደግሞ የሳን ፍራንሲስኮው ኦቶ ባርካን ማዕዘኑ ክፍት የሆነውን ግላኮማ ከጠባቡ ለይቶ አሳየ። ያን ጊዜ ቀዳዳውን ለመክፈት ዓይንን በምላጭ መቅደድ ግድ ነበር። በ1956 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሜየር ሽቪከራት በዜኖን መብራት ኃይል አይሪስን ሳይቀድ ቢበሳም፣ ትኩሳቱ ለኮርኒያና ለሌንስ የሚያሰጋ ሆነ። ሌዘር በ1960 ዓ.ም. ከተፈለሰፈ በኋላ በመጀመሪያ የአርጎን፣ ቀጥሎም በ1980ዎቹ የያግ ጨረር የምላጩን ስፍራ ወረሱ።

ሕክምናው የሚፈጸመው በሽተኛው ተቀምጦ፣ አገጩን በመሣሪያው ላይ አሳርፎ ነው። አስቀድሞ ፒሎካርፒን የሚባለው ጠብታ ብሌንን አጥብቦ አይሪስን ይወጥረዋል፤ በማደንዘዣ ጠብታ ከደነዘዘው ዓይን ላይም ሐኪሙ ጨረሩን አጥብቆ የሚሰበስብ ልዩ ሌንስ ያኖራል። የያግ ጨረር የሞገድ ርዝመቱ 1064 ናኖሜትር ስለ ሆነ በዓይን አይታይም፤ ስለዚህ ቀይ ጨረር ዒላማውን እያመለከተ ይመራዋል። አርጎን በሙቀቱ ያቃጥላል፤ ያግ ግን ከሴኮንድ እጅግ በሚያንስ ቅጽበት ኃይሉን በአንዲት ነጥብ ላይ አከማችቶ ሥጋውን ይበታትነዋል። እንደ እኛ ጥቁር ቡናማና ወፍራም የሆነውን አይሪስ በያግ ብቻ መብሳት ብዙ ምት ስለሚፈልግና ደምም ስለሚያስከትል፣ አስቀድሞ በአርጎን አሳስቶ ኋላ በያግ መጨረስ የተመሰገነ ሥርዓት ነው። ቀዳዳው ሲከፈት፣ በስተኋላ ታግዶ የነበረው ውኃ የአይሪስን ቀለም ይዞ ወደ ፊት ሲፈስ ሐኪሙ በዓይኑ ያያል፤ ስፋቱ ከሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ ገደማ ነው፤ ለውኃው ግን ይበቃዋል። በዚያው ቀን ግፊቱ ይለካል፤ ለጥቂት ቀን የብግነት መከላከያ ጠብታ ይታዘዛል። አንዳንድ ሰው ከዚያ በኋላ ስስ የብርሃን መስመር እንደሚያይ ይናገራል።

እኔ በዚህ ታሪክ ከመሣሪያው ይልቅ አብልጬ የማደንቀው፣ መሣሪያው በእጅ ከገባ በኋላ ለማን እንደሚገባ ለመመርመር የተደረገውን ትዕግሥት ነው። በቻይና በጓንግዡ ከተማ፣ ማዕዘናቸው ጠባብ ሆኖ ገና ያልታመሙ ከ50 እስከ 70 ዓመት የሆኑ 889 ሰዎች ተመርጠው፣ የእያንዳንዳቸው አንዱ ዓይን በዕጣ ተለይቶ በጨረር ሲታከም ሌላው ሳይታከም ቀረ። በ2019 ዓ.ም. እንደ ታተመው፣ በ6 ዓመት ውስጥ ችግር የደረሰባቸው የታከሙት 19 ዓይኖች፣ ያልታከሙት 36 ነበሩ። ጨረሩ ጉዳቱን በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ ነገር ግን ያልታከሙትም አብዛኞቹ በደኅና ቈዩ፤ ስለዚህ ጠባብ ማዕዘን ያለውን ሰው ሁሉ መብሳት አይገባም ተባለ። ከዚያ በፊት በ2016 ዓ.ም. ኤግል የተባለው ጥናት፣ ግፊታቸው ከፍ ላለ ወይም ነርቫቸው ለተነካ አረጋውያን የወፈረውን ሌንስ አውጥቶ ሰው ሠራሹን መተካት ከጨረሩ እንደሚበልጥ አሳይቶ ነበር። በእኔ አስተያየት፣ ይህ ውጤት ጨረሩን አያዋርደውም፤ ስፍራውን ብቻ ይወስንለታል።

ጥርጥር የማይገባበት ስፍራው ግን አለ። አንዱ ዓይን በድንገት የተደፈነበት ሰው ሌላውም ዓይኑ በተመሳሳይ መልክ የተፈጠረ ስለ ሆነ፣ ካልታከመ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የመደፈኑ ዕድል እስከ ግማሽ ይደርሳል። ስለዚህ የታመመው ዓይን ግፊቱ በመድኃኒት ወርዶ ከተበሳ በኋላ፣ ምንም ሕመም ያልተሰማው ሁለተኛው ዓይንም ሳይዘገይ ይበሳል፤ ወንድሞቹና እኅቶቹም ማዕዘናቸው እንዲመረመር ወደ ዓይን ሐኪም ይላካሉ።