በትልቁ ዕረፍት ወዴት እንሂድ? ከሐደራ ገበያ እስከ ሔርሞን ግርጌ



በሐምሌና በነሐሴ ሐሙስ ወይም ዓርብ ጠዋት በሐደራ ገበያ የሚያልፍ ሰው ሐብሐቡ ተከምሮ፣ ሻጩ ዋጋ እየጠራ፣ እናቶች የሰንበታቸውን ለመሸመት ሲጋፉ ያያል። በቲማቲሙና በኪያሩ መካከል በአማርኛ የሚሰማው ጨዋታ ግን በዚህ ወቅት ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ልጆቹን ሁለት ወር ሙሉ ምን እናድርጋቸው?» የሚል ነው። እኛም የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች ይህንኑ ጥያቄ በየቤቱ እንሰማለን። «ሆፌሽ ጋዶል» የሚባለው ትልቁ ዕረፍት በተለይ በቅርቡ ለገቡ ቤተሰቦች ረጅም ነው። አባትና እናት ሥራ ወይም ኡልፓን ይውላሉ፤ ልጆች ደጅ ለደጅ ይውላሉ።

በዚህ ጽሑፍ ለሁለቱ ወር ሁሉ መፍትሔ አንሰጥም። ስለ ሦስት ቀን ብቻ እንነጋገራለን፤ ይኸውም ቤተሰብ ተሰባስቦ፣ ሳይቸኩልና ብዙ ገንዘብ ሳያወጣ፣ የዚህን አገር ተራራና ውኃ የሚያይበት ጉዞ ነው።

መንገድ ሲባል

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናስታውስ። ለብዙ ሽማግሌዎቻችን «መንገድ» የሽርሽር ቃል አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ ድረስ በሙሴ ዘመቻ ወደ 8,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን ከሱዳን ወጥተዋል። ነገር ግን በእግር ወደ ሱዳን በሚወስደው መንገድና በመጠለያዎቹ ውስጥ ወደ 4,000 የሚሆኑ እንዳለቁ ይገመታል። በኋላ የመጡትም በጎንደርና በአዲስ አበባ ዕቃቸውን አስረው ለዓመታት ጠብቀዋል። ስለዚህ አያት «ደግሞ ምን ቸግሮኝ ነው መንገድ የምወጣው?» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ረጋ ብሎ ማስረዳት ይገባል፤ የዛሬው መንገድ ማንም የማያባርረን፣ ሲደክመን የምናርፍበት፣ ማታ ሲሻን ወደ ቤታችን የምንመለስበት ነው።

ሁለተኛው ነገር የወላጅና የልጅ ጉዳይ ነው። እንደምታውቁት ልጆች ዕብራይስጡን ከእኛ ቀድመው ይይዛሉ። በባንክ፣ በኩፓት ሆሊም፣ በትምህርት ቤት አስተርጓሚ ይሆናሉ። ይህ ሲደጋገም ልጅ መሪ፣ ወላጅ ተመሪ ይሆናል፤ አባትም በገዛ ቤቱ ድምፁ ይቀንሳል። ከከተማ ሲወጡ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከብት ጠብቆ ያደገ አባት ሽኮኮ በየትኛው ዐለት ሥር እንደሚሸሸግ ያውቃል። እናት ወይራን በቅጠሉ ትለያለች፤ በአገር ቤት የወተት ዕቃ በእንጨቱ ይታጠን እንደነበር ትናገራለች፤ እዚህ ደግሞ ዘይት ከፍሬው እንደሚጨመቅ ልጁ ይነግራታል። እዚህ «ጻባር» የሚባለው እሾሃም ፍሬ በሰሜን ኢትዮጵያ በለስ ተብሎ የሚበላው ነው። በዚያ ቀን አስተማሪው ወላጅ ነው። ጉዞው ለሽርሽር ብቻ አይደለም የምንለው ስለዚህ ነው።

ክረምቱና በጋው ተገልብጧል

በኢትዮጵያ የትምህርት ዕረፍት የሚውለው በክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ወንዙ ሞልቶ አያሻግርም። በእስራኤል ግን በእነዚሁ ወራት ጠብታ አይወርድም፤ በካርታ ላይ «ናሐል» ተብሎ የተጻፈው ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ድንጋይ ሆኖ ይገኛል። በበጋ የሚፈስሰው ከምንጭ የሚነሣው ብቻ ነው። በአንጻሩ እዚህ ጎርፍ የሚያስፈራው ከመኸር እስከ ፀደይ ባለው ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 2018 በደቡብ በረሃ በናሐል ጻፊት ደራሽ ውኃ 10 ወጣቶችን ወስዷል።

ከዚህ የተነሣ ደንቡ አጭር ነው፤ በነሐሴ ወደ ሰሜን፣ በሕዳር ወደ ደቡብ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ማየት የሚፈልገው የጨው ባሕርን ነው። ነገር ግን በነሐሴ በዚያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሕፃንና አዛውንት ይዞ የሚሄዱበት ጊዜ አይደለም።

ሦስቱ ቀኖች

ጉዞው ከሐደራ ሳይወጡ ይጀምራል ማለት ይቻላል። ከተማዋ በ1891 ስትመሠረት ምድሯ ረግረግ ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ ሠፋሪዎች ብዙዎቹ በወባ ሞቱ። ረግረጉን ለማድረቅ የተተከለው እኛ የምናውቀው ባሕር ዛፍ ነው። ያው ዛፍ በዚያው ዘመን በዐፄ ምኒልክ ጊዜ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ አዲስ አበባ ገብቷል። ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው፤ ዛፉም እንደ እኛ ከሩቅ አገር የመጣ ነው።

የመጀመሪያው ቀን። ከሐደራ አጠገብ የሚነሣው መንገድ ቁጥር 65 በዋዲ ዓራ አልፎ ወደ ኢይዝራኤል ሸለቆና ወደ ዓፉላ ያወጣል። ከዓፉላ በስተ ምሥራቅ በጌልቦዓ ተራራ ግርጌ ማዕያን ሐሮድ ይገኛል። ጌዴዎን ሰዎቹን በውኃ አጠጣጣቸው የለየበት ምንጭ ይህ ነው ተብሎ ይታመናል። ንጉሥ ሳኦልና ዮናታን የወደቁትም በዚሁ በጌልቦዓ ነው። ጥቂት ወደፊት «ጋን ሃሽሎሻ» አለ፤ ብዙ ሰው «ሳኽኔ» ይለዋል። የምንጩ ውኃ በጋ ከክረምት 28 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ሕፃናትም አይበርዳቸውም። «የሦስቱ የአትክልት ቦታ» የተባለው በ1938 በፈንጂ ለሞቱ ሦስት ሰዎች መታሰቢያ ነው። ለዚህ ቀን እነዚህ ሁለት ቦታዎች ይበቃሉ።

ሁለተኛው ቀን። ወደ ሰሜን ስትሄዱ የታቦር ተራራ እንደ ተደፋ እንስራ ብቻውን ቆሞ ይታያል። ዲቦራና ባርቅ ሠራዊታቸውን የሰበሰቡበት ነው፤ የደብረ ታቦር ከተማ ስሟን ያገኘችው ከእርሱ ነው። ከዚያ ወደ አርቤል ገደል ውጡ። መኪና እስከ ላይ ድረስ ስለሚደርስ አዛውንትም አይቸገሩም። አርቤል ከኪኔሬት ሐይቅ በላይ ወደ 400 ሜትር የሚጠጋ ገደል ነው። ከጫፉ ሲያዩ ሐይቁ ሁሉ ከእግር በታች ተዘርግቶ፣ ከማዶ የጎላን ተራሮች ቆመው ይታያሉ። ሰሜን ያደገ ሰው ገደል አይገርመው ይሆናል። ነገር ግን ይህ ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 210 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ነው፤ ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ልጆች ገደሉ ጫፍ ላይ እንዳይሮጡ እጃቸውን ያዙ። ከሰዓት በኋላ በሐይቁ ዳር ዕረፉ።

ሦስተኛው ቀን። ወደ ባንያስ፣ ወደ ሔርሞን ግርጌ። ሔርሞን 2,814 ሜትር ነው፤ በክረምት የሚወርድበት በረዶ ቀልጦ ወደ ዐለቱ ይሰርጋል፤ ከወራት በኋላ ከሥር በምንጭ ይወጣል። በደረቅ ነሐሴ እዚያ ውኃ የሚጮኸው ለዚህ ነው። ይህ ውኃ ከዮርዳኖስ ወንዝ መነሻዎች አንዱ ነው። ፏፏቴው 10 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ጢስ ዓባይን ያየ ሰው ሊስቅበት ይችላል። ሆኖም ጥላው፣ ቅዝቃዜውና በገደሉ ላይ የተንጠለጠለው የእንጨት መረማመጃ ድካሙን ያስረሳል። ደረጃ ስላለው ጉልበታቸው የደከመ ሰዎች ከላይ በምንጩ አጠገብ ተቀምጠው ይጠብቁ።

ርቀቱ አያስፈራችሁ። ከሐደራ እስከ ባንያስ ያለው መንገድ ከጎንደር እስከ ባሕር ዳር ካለው ያንሳል። ሦስት ቀን ያደረግነው ላለመቸኮል ነው። በቀን ከሁለት ቦታ በላይ አታስቡ። አምስት ቦታ ያየ ቤተሰብ ማታ የሚያስታውሰው የመኪናውን ሙቀት ብቻ ነው። ሦስት ቀን ለማይመቸው የመጀመሪያው ቀን ብቻውን ሙሉ ሽርሽር ነው።

ገንዘብና መጓጓዣ

ከእኛ ዘንድ የቆየ ጥሩ ዘዴ አለ፤ እቁብ። ለምሳሌ አምስት ቤተሰብ በየሳምንቱ 50 ሸቀል ቢያዋጣ በ12 ሳምንት 3,000 ሸቀል ይሆናል። ለአንድ ሚኒባስና ለመግቢያ ትልቅ ድጋፍ ነው። ዕጣ ማውጣት አያስፈልግም፤ የደረሰው ለሁሉም ነው። ሚኒባስ ስትከራዩ ዋጋውን፣ ሰዓቱንና የሾፌሩን ማደሪያ በጽሑፍ አስቀምጡ።

መኪና የሌለው ቤተሰብም አይቅር። ከሐደራ ማዕራብ ጣቢያ በባቡር ወደ ሐይፋ ሄዶ፣ እዚያ ለውጦ በ2016 በተከፈተው የሸለቆው ባቡር ዓፉላና ቤት ሸአን መድረስ ይቻላል። ባቡርና አብዛኛው አውቶቡስ በሰንበት እንደማይሠራ አትርሱ።

የብሔራዊ ፓርኮችና የጥብቅ ቦታዎች ባለሥልጣን ስልክ ኮከብ 3639 ነው። ከመነሣታችሁ በፊት ደውላችሁ ቦታው ክፍት መሆኑን፣ ቅድሚያ መመዝገብ እንደሚያስፈልግና የድንኳን ማደሪያ መኖሩን ጠይቁ፤ ይህ ሥራ ለልጁ ይሰጥ። መዝጊያውን ሰዓት ስትሰሙ በእስራኤል አቆጣጠር መሆኑን አስተውሉ፤ 5 ሰዓት ከሰዓት በኋላ ማለት በእኛ 11 ሰዓት ነው። የትሽዓ ቤአቭ ጾም በዚሁ ወቅት ስለሚውል ቀን ስትቆርጡ የቀን መቁጠሪያ ተመልከቱ። ከእሑድ እስከ ማክሰኞ ቢሆን ሰው ይቀንሳል፤ ለሰንበትም ቤት ትገባላችሁ።

ስንቅ ከገበያው

በመንገድ ዳር የሚሸጥ ምግብ ውድ ነው፤ ስንቁ ከሐደራ ገበያ ይሸመት። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሰንበት ሳይገባ ሻጮች ዋጋ ይቀንሳሉ፤ ለእሑድ የሚሆነውን ሐብሐብ፣ ኪያር፣ ወይንና ሎሚ ያን ጊዜ ግዙ። ስለ ቀሪው አያቶቻችንን እንጠይቅ፤ የመንገድ ምግብ የሚያውቁ እነርሱ ናቸው። ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፣ በሶና ድርቆሽ በሙቀት አይበላሹም። እንጀራ ለመጀመሪያው ቀን ብቻ ይያዝ። የሥጋና የዶሮ ወጥ በረዶ ያለው ሣጥን ከሌለ ይቅር። የውኃ ጠርሙሶችን ከዋዜማው አቀዝቅዛችሁ በረዶ አድርጓቸው፤ ምግቡን ያቀዘቅዛሉ፤ ሲቀልጡ ይጠጣሉ።

ይህን አደራ

ጠዋት በማለዳ ተነሡ፤ ከረፋድ ጀምሮ ፀሐይ እስክትበርድ በጥላ ሁኑ። ሳይጠማችሁ ጠጡ። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት በእጅ ቦርሳ ይያዝ፤ ኢንሱሊን ከቅዝቃዜ አይለይ። በሙቀት ራሱን የሚያዞረው፣ የሚቀባዥር ወይም የሚያስመልሰው ሰው ካለ ወደ ጥላ አግቡት፣ ውኃ አፍስሱበት፣ 101 ደውሉ።

እስከ 8 ዓመት ያለ ልጅ በልኩ በተሠራ የመኪና ወንበር ይቀመጥ። ሕፃን ለአንድ ደቂቃም ቢሆን በቆመ መኪና ውስጥ አይተው።

ብዙዎቻችን ዋና አንችልም። «ማጺል» የሚባለው የዋና ጠባቂ በሌለበት ማንም አይግባ፤ ጠባቂም ቢኖር ዓይናችሁ ከልጃችሁ አይነሣ። በኪኔሬት ላይ በበጋ ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ ብርቱ ነፋስ ይነሣል፤ በአየር የሚነፋ ፍራሽ ላይ የተኛ ልጅ ወደ መሐል ሊወሰድ ይችላል።

በጎላን ቢጫ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ የተሰቀለበት የሽቦ አጥር ካያችሁ ከኋላው ፈንጂ አለ ማለት ነው፤ ኳስ ቢገባ እንኳ አይከተል። በሰሜን ድንበር በኩል ከ2023 ጀምሮ ከደረሰው ጦርነት በኋላ፣ ከመነሣት በፊት የፒኩድ ሃዖሬፍን መመሪያ መመልከት ልማድ ይሁን።

ለደቡቡም ጊዜ አለው

የጨው ባሕርን የተመኛችሁ ከስግድ በዓል በኋላ ሂዱ። በዔን ጌዲ ዳዊት ከሳኦል በሸሸበት ምድረ በዳ፣ የዋልያችን የቅርብ ዘመድ የሆነውን ቀንዳም የተራራ ፍየል ከሽኮኮ ጋር ታዩታላችሁ። ባሕሩ ከባሕር ወለል በታች ከ430 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፣ የምድር ዝቅተኛው ቦታ ነው። በዳርቻው መሬቱ በድንገት ስለሚሰምጥ ከተፈቀደው ዳር ውጭ አትውረዱ። ጨውን እንደ ድንጋይ ሲያዩ ስለ አፋርና ስለ አሞሌ ጨው ለልጅ ለመንገር ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም።

ለሁለቱም ጉዞ አንድ ደብተር ያዙ። ያያችሁትን ዛፍ፣ አውሬና ወፍ ልጅ በዕብራይስጥ ይጻፈው፤ ከጎኑ አባት ወይም አያት የአማርኛውን ስም ያጽፉት። ስትመለሱ ቆጥሩ። ከአያት የመጣው ስም ከልጁ ቢበልጥ ማንም አይደነቅ።

መልካም ዕረፍት፣ መልካም መንገድ ይሁንላችሁ።